ጾመኛው ሽጉጥ

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ የሸህ ቀመር ልጅ ሷሊህ በአባቱ ቤት ደረቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ወሬው መካነ ሰላም ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ኢንስፔክተር ታደለ የጫማውን ክር አስሮ እስኪወጣ ድረስ ግን ከተማው ገዳዩን አውቆ፣ ፈርዶ፣ ጨርሷል። መንገደኛው ሁሉ «ዒምራን ነው!» ይላል። ታደለ በሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎቱ አንድም ቀን እንዲህ የፈጠነ ምርመራ አልሠራም።

ግቢው ውስጥ ሲገባ ግን ፌዙ ከውስጡ ጠፋ። ሷሊህ ሸህ ቀመር ቁርኣን በሚያስቀሩበት ሰፊ ክፍል ውስጥ በጀርባው ተዘርግቷል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሪያድ ከተመለሰ ገና ዓመት ከመንፈቁ፣ ሰብሪያን ካገባ ሰባት ወሩ ነው። የሸሚዙ ደረት በእሳት ተለብልቧል፤ ከክንድ በማይርቅ ቦታ የተተኮሰ ነው። የተገለበጠ ነገር የለም፣ የተቀደደ ልብስ የለም። ከእግሩ አጠገብ አንድ ቀለህ ወድቋል። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል።

ሸህ ቀመር አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ሙስበሃ ይቆጥራሉ። እኒህ ሰው እንግዳ ሲገባ ተነስተው መቀበል ልማዳቸው ነው፤ ለሕፃን እንኳ ይነሳሉ። ያን ቀን አልተነሱም። ታደለ ሐዘኑ ወገባቸውን ቆርጦት ነው ብሎ አለፈው።

«ሸህ፣ አላህ ያጽናዎት።»

«አሚን፣ ልጄ።»

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው።»

«ቀደር በጓሮ በር አይገባም፣ ሸህ። ያዩት ሰው አለ?»

«እኔ መስጊድ ነበርኩ። የማስቀራቸው ደረሶቼም ከኔው ጋር ነበሩ» አሉና ሙስበሃቸውን ቀጠሉ።

ታደለ ወደ በሩ ተመለሰ። ከበሩ በስተቀኝ ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈለች ትንሽ መደርደሪያ አለች። አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ቁርኣን በሚቀራበት በዚህ ቤት የጠገበ መሣሪያ አይገባም። ባለ ጠመንጃ ሁሉ ደፉን ከመርገጡ በፊት ጥይት የተሞላበትን ካርታ ይነቅልና እዚያች መደርደሪያ ላይ ያኖራል፤ «ጾመኛ ነው» ይላል፤ ባዶውን መሣሪያ ይዞ ይገባል። ክርስቲያኑ ታደለ ራሱ ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጓል።

መደርደሪያዋ ላይ የማካሮቭ ሽጉጥ ካርታ ተቀምጧል። አወጣና ቆጠረ። ስምንት ጥይት። ሙሉ ነው።

«ሽጉጡስ?» አለ አብራው የመጣችውን ሳጅን ሀይማኖትን።

«የለም። ማህደሩ ወገቡ ላይ ነው፤ ሽጉጡ ግን የለም» አለችው።

ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ሷሊህ የራሱን ሽጉጥ እንደ ልማዱ አስጹሞ ገባ፤ ገዳዩ በጓሮ መጣ፣ በሌላ መሣሪያ ገደለው፣ ሽጉጡን ሰርቆ ሄደ። ታደለም በዚሁ ሐሳብ ግቢውን ለቀቀ፤ ልቡ ግን አልረጋም። ያን ማካሮቭ የመረጠለት እሱ ራሱ ነዋ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሷሊህ የፈቃድ ወረቀቱን ይዞ ቢሮው መጣ። ከደሴ ለሱቁ ጨርቅ ጭኖ ሲመለስ ከአቀስታ ወዲህ ዘራፊዎች መኪና አስቁመው ደብድበውታል፤ ቅንድቡ ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም ነበር።

«ጋሽ ታደለ፣ የማይከዳ ሽጉጥ የቱ ነው?»

ይህን ጥያቄ ታደለን የሚጠይቅ ሰው ሌላ ቀጠሮ ባይኖረው ይሻለዋል።

«የቱርኩን ተወው» አለ ታደለ ወንበሩን ሳብ አድርጎ። «ሲያዩት ሙሽራ ነው። አራት ጊዜ ተኩሰህ አምስተኛው ላይ ጥይት ነክሶ ይቀራል። ሌባ ደግሞ እስክትጠግን ቆሞ አይጠብቅህም።»

«ደርሶብኛል እኮ! ዒምራን አምጥቶልኝ ስሞክረው ነክሶ ቀረ። መለስኩለት።»

«ከፈቃድህ በፊት ነው የሞከርከው? አልሰማሁም። ስታር የሚሉትን ትልቁንም ተወው፣ ይከብድሃል፤ የከበደህን ቀን ቤት ትተኸው ትሄዳለህ። ቤት የቀረ ሽጉጥ ደግሞ ያንተ አይደለም፣ የቀደመው ሰው ነው። ማካሮቭ ያዝ። አጭር ነው፣ ከጃኬት ሥር አይታይም፣ አቧራ አይበግረውም። ዓመሉ አንድ ነው፤ ያልለመደ እጅ ይነክሳል። ከፍ አድርገህ ከያዝከው ሲተኮስ የላዩ ብረት ወደ ኋላ ይሸሽና እዚህ ጋ ይልጥሃል።» በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለውን ሥጋ ቆንጥጦ አሳየው።

ሷሊህ ሳቀ። «ሰብሪያንም አስተምራታለሁ። እኔ መንገድ ላይ ስሆን ብቻዋን ናት።»

ታደለ ስለ ማህደሩ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ አሞላሉ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራለት። ልጁ ሲወጣ እጁን ይዞ «አላህ ይስጥልኝ፣ አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» አለው። ታደለም አንድ ሰው ጠቅሜ ዋልኩ ብሎ ደስ ብሎት ነበር።

ዒምራን ዓርብ ጠዋት ተያዘ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ምላሱ የፈጠነ ደላላ ነው። ያቺን የነከሰች የቱርክ ሽጉጥ ሷሊህ ሲመልስለት በገበያ መሐል «ሌባ» ብሎ በጥፊ መትቶታል። ዒምራንም ሰው ሁሉ እየሰማ «ደምህን ባልጠጣው!» ብሎ ምሏል።

«ሐሙስ ከዐስር እስከ መግሪብ የት ነበርክ?»

«ደጎሎ። ወላሂ ደጎሎ ነበርኩ።»

«በምን ሄድክ?»

«በሚኒባስ ነዋ፣ በእግሬ ልሄድ ኖሯል?»

የሚኒባሱ ረዳት ተጠርቶ መጣ። ዒምራንን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «እሱን ሐሙስ አልጫንኩትም። ብጭነውማ አልረሳውም፣ ሳይከራከር ወርዶ አያውቅም» አለ።

ዒምራን አንገቱን ደፋ። ታደለ ረዳቱን አሰናብቶ በሩን ዘጋ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠይቅህ፣ ዒምራን።»

«ሽጉጥ ልቀበል ገደል ወርጄ ነበር» አለ በቀስታ። «ሦስት የቱርክ። የሰጡኝ ሰዎች ለምስክርነት የሚመጡ ዓይነት አይደሉም። እሰሩኝ፣ በሱ ጥፋተኛ ነኝ። ሷሊህን ግን አልገደልኩም። ዛቻው የንዴት ነው፤ እኛ አገር የዛተ ሁሉ ቢገድል ሰው ይተርፍ ነበር?»

ታደለ ከዒምራን የተያዘውን ሽጉጥ ጥይትና ከሬሳው አጠገብ የተነሳውን ቀለህ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አቆማቸው። የጥይቱ አረር ሳይቆጠር እንኳ የሟቹ ቤት ቀለህ ያጥራል። የማካሮቭ ነው።

ወደ አዛዡ ቢሮ ይዟቸው ሄደ። «በቱርኩ አልተገደለም» አለ። «በራሱ ማካሮቭ ነው የተገደለው።»

«ጥሩ። ዒምራን የልጁን ሽጉጥ ነጥቆ ገደለው፤ ይዞት ጠፋ።»

«በምን ጥይት? ካርታው በሩ ላይ ነው፤ ስምንቱም አሉ።»

«ከልጁ ኪስ አግኝቶ ነዋ!» አዛዡ ተቆጣ። «ታደለ፣ የሟቹ ወንድም ሰዲቅ ነገ ከአቀስታ ይገባል። ሶስቱ እንደወጣ ደሙን እንደሚመልስ ምሏል። ዒምራንን ባያገኝ የዒምራንን ወንድሞች ያገኛል። እነሱም ዝም አይሉም። ከነገ በፊት ወይ ዒምራንን ክሰስልኝ፣ ወይ ሌላ ሰው አምጣልኝ።»

ታደለ ጥይት ከኪስ አውጥቶ፣ ሽጉጥ ነጥቆ፣ አጉርሶ፣ ያለ ትግል ደረት ላይ የሚያሳርፍ ጠላት በዓይነ ሕሊናው ለማየት ሞከረ። አልሆነለትም። ሷሊህ ይህን ሁሉ ቆሞ አይጠብቅም።

ከሰዓት በኋላ ከሀይማኖት ጋር ወደ ሸህ ቀመር ሰፈር ተመለሰ። ሰብሪያ በባል ሐዘን፣ ዒዳ ላይ ናት፤ ባዕድ ወንድ ፊት አትቀመጥም። ስለዚህ ወደ መጋረጃው ውስጥ የገባችው ሀይማኖት ብቻ ናት። ታደለ አጥሩን ዞሮ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ቦጋለችን አናገረ።

«ሰብሪያ ከእኔ ዘንድ ነበረች፣ ምስር ስትለቅም» አሉ ቦጋለች ገና ሳይጠየቁ። «ተኩሱን አብረን ነው የሰማነው።»

«ስንት ተኩስ?»

«አንድ። አንድ ብቻ፣ የኔ ጌታ።» ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «አራት ወር ነፍሰ ጡር ናት እኮ። በማርያም፣ እሷን አታድርቋት።»

ሀይማኖት ስትመጣ የያዘችው ነገር ጥቂት ነበር። «ያው ነው የምትለው፣ ቦጋለች ቤት ነበርኩ ነው። ብዙ አታወራም። ጎመን ስትከትፍ ቢላ ቆርጧት እጇን በጨርቅ አስራዋለች። አዘንኩላት።»

ቅዳሜ ሶስቱ ወጣ። ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። ታደለና ሀይማኖት ከሸህ ቀመር ፊት ተቀምጠው ሳለ ሰዲቅ ደረሰ። ቁመተ ረጅም፣ ዓይኑ የቀላ ነው። የመንገድ አቧራውን እንኳ አላራገፈም፤ ክላሹን በትከሻው አንግቷል። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ቁጣው ምንም ያህል ቢሆን በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ካርታውን ነቀለና መደርደሪያዋ ላይ አኖረ።

«ጾመኛ ነው፣ አብየ» አለና ገብቶ በአባቱ ጉልበት ላይ ወደቀ።

ሸህ ቀመር ራሱን ዳበሱት። አሁንም አልተነሱም።

«ሰዲቅ» አለ ታደለ ሲረጋጋ ጠብቆ። «ዛሬ የለቅሶ ቀን ነው። መሣሪያውን ለእኔ ስጠኝ።»

«ባዶ ነው፤ ምን ያደርግልሃል?»

«ለለቀስተኛው ሰላም ስል ነው።»

ሰዲቅ አባቱን አየ። ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታደለ ክላሹን ተቀበለ፣ አፈሙዙን በበሩ በኩል ወደ ሜዳው አዞረ፣ እንደ ፖሊስ ልማዱ አቀባበለው። አንድ ሙሉ ጥይት ከመሣሪያው ዘሎ ወጣና ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ።

ሰዲቅ ደነገጠ። «ወላሂ ካርታውን ነቅያለሁ! አይተኸኛል!»

«አይቼሃለሁ» አለ ታደለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «በመንገድ አጉርሰኸው ነበር። ካርታ ቢነቀል አፉ ውስጥ ያለው አይወጣም።»

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣበት። ስምንት በካርታው፤ አንድ በአፉ። ለሦስት ቀን ልቡ አልቀበልም ብሎት የቆየውን ነገር አወቀ። ወደ ሀይማኖት ጎንበስ አለ።

«ሰብሪያ ያሰረችው የትኛውን እጇን ነው?»

«ቀኙን።»

«በየትኛው እጇ ነው የምትሠራው?»

ሀይማኖት አሰበች። «እጇ ታስሮም ውሃ የቀዳችልኝ በቀኟ ነው። ጨርቁ እዚህ ጋ ነበር...» ብላ አውራ ጣትና ሌባ ጣቷን ከፈት አድርጋ አሳየችው። በቀኙ ቢላ የያዘ ሰው ቀኙን አይቆርጥም።

ታደለ ለቀስተኛውን ለመነ፣ ሰዲቅንም ለመነ፤ ሁሉም ወጡ። ክፍሉ ውስጥ ሸሁ፣ ሀይማኖትና እሱ ቀሩ። ከመጋረጃው ወዲያ የሰው ትንፋሽ ይሰማል።

«ሸህ ቀመር፣ አውፍ ይበሉኝ። ይነሱልኝ።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሡ። አጎዛው ላይ ጥቁሩ ማካሮቭ ተጋድሟል።

«ለሶላት ስነሳ በብብቴ፣ ስቀመጥ ከሥሬ» አሉ። «ሦስት ቀን ሆነኝ። ከመስጊድ ስመለስ ሰብሪያ እንዲህ ይዛው ቆማለች። እኔ ነኝ ቀምቼ ወደ ቦጋለች የሰደድኳት። ቦጋለችም የዋሸችው ለኔ ስትል ነው።»

«ዒምራን ታስሯል እኮ፣ ሸህ። ነገ የእሱ ወንድሞች ይሞቱ ነበር።»

«ዛሬ ማታ ሳላድር ልነግርህ ነበር፤ አላህ ያውቃል። ያቃተኝ ስለ እሷ ብቻ ብዬ አይደለም።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄ በሪያድ እስር ቤት ስምንት ወር ከርሟል። ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። ምነው እዚያው በሞትኩ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ፣ እሷ እንደነገረችኝ፣ አፈሙዙን በገዛ እጁ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሳቢ አላት። አውቆ አድርጎት ከሆነስ? ነፍሱን አውቆ ጥሎ ከሆነስ? ዱዓ ስቀመጥ ምን ብዬ እንደምለምንለት አላውቅም።»

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። የሰብሪያ ድምፅ ቀጭን ነበር።

«ጋሼ፣ እኔው ልናገር። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ነገ ደሴ ስሄድ ብቻሽን ነሽ፣ ላለማምድሽ አለኝ። ሽጉጡን እጄ ውስጥ አስያዘኝ። እምቢ አልኩት፣ ፈራሁ። እየሳቀ ‹አይዞሽ፣ ጾመኛ ነው› አለኝ። ካርታውን በሩ ላይ ሲነቅል እኔም አይቼዋለሁ። አፈሙዙን ይዞ ደረቱ ላይ አደረገና ‹ሌባው እኔ ነኝ፣ ሳቢው› አለኝ። ሳብኩት።»

ሀይማኖት መጻፏን አቁማ ነበር።

«የሚያስሩኝ ከሆነ ይሰሩኝ» አለች ሰብሪያ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ካርታው ከወጣ ጥይቱን ማን አገባው? በእኔ እጅ ሊሞት ፈልጎ ነው ወይ? ለዚህ ነው ያገባኝ?»

«አይደለም፣ ልጄ። ረስቶት ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

ታደለ መርማሪ ነው፤ ሃያ ዓይነት መልስ ያውቃል። ልምድ ያሳያል ማለት ይችላል፣ ማስረጃው ያመለክታል ማለት ይችላል። ማንም መልሶ አይጠይቀውም። እሷ ግን ዕድሜዋን ሁሉ አታምነውም፤ በሆዷ ያለው ልጅ ስለ አባቱ ሲጠይቃት የምትለው አይኖራትም።

«ሀይማኖት፣ ጻፊ» አለ። «መጀመሪያ የእኔን ቃል።»

«የእርስዎን?»

«የእኔን። ሟች ከሦስት ሳምንት በፊት ቢሮዬ መጥቶ የማይከዳ ሽጉጥ የቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ማካሮቭን መረጥኩለት። አንዱን አጉርስ፣ ካርታውን ደግመህ ሙላ፣ ስምንት በካርታው አንድ በአፉ አድርገህ ሁልጊዜ እንዲሁ ያዘው አልኩት። ሌባ ሲመጣ ቆይ ላቀባብል አይባልም ብዬ አሳቅኩት።» በሩ አጠገብ ያለችውን መደርደሪያ አየ። «ይህን ቤት አውቀዋለሁ። ካርታ ሲነቀል ጾመኛ ነው እንደሚባል አውቃለሁ። እኔ ራሴ እዚህ ስመጣ ከካርታው በፊት አፉን አስተፋዋለሁ፤ ለኔ የታወቀኝ ለሱም የታወቀ መስሎኝ አልነገርኩትም። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው የበሩን ሕግ ነው፣ የእኔን ምክር የያዘው ሦስት ሳምንት ነው። በሩ ላይ ሲደርስ የአባቱን ሕግ አስታወሰ፣ የእኔን ረሳ። ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ» አለች ሀይማኖት። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እየወረደ ነበር።



«አልዋሸኝም ማለት ነው?» አለች ሰብሪያ።

«አልዋሸሽም። ጾመኛ ነው ሲልሽ አምኖ ነው።»

«ሷሊህየ!» አለች። ከዚያ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው። ሸህ ቀመር ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት።

«ከሐሙስ ጀምራ አላለቀሰችም ነበር» አሉ። ወደ ታደለም ዞረው ትከሻውን ያዙት። «ልጄን መለስክልኝ።»

ታደለ እርግማን ቢሆን ይችለው ነበር። ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ ለሀይማኖት ሰጠና ብቻውን ወደ ውጭ ወጣ።

ሰዲቅ ከግቢው በር አጠገብ ቆሞ ነበር። የሰብሪያን ጩኸት ሰምቷል፤ ፊቱ ገርጥቷል፣ እጆቹ አርፈው አይቀመጡም።

«አገኘኸው አይደል?» አለ። «ማን ነው? ንገረኝ፣ ማን ነው ወንድሜን የገደለው?»

ታደለ የግቢው ግንብ ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ለሰዲቅም ቦታ ለቀቀለት።

«ቁጭ በል» አለው። «ከኔ እጀምርልሃለሁ።»